የካሣ ቤት

ታናሽ ወንድሜ የደወለልኝ በ2009 ዓ.ም.፣ ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣

«ወንድምዓለም፣ ጎጆዋን ልናፈርሳት ነው» አለኝ።

ገንዳ ውሃ ስላለችው፣ ስለ ተወለድንባት የሣር ጎጆ ነው የሚያወራው። የዚያ ዓመት ሰሊጥ ደኅና ዋጋ አውጥቶለት ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን፣ የበሩን መቃን ሳይቀር አሰናድቷል። እናታችንም እሺ ብላለች። «ምሰሶዋን ውስጥ ለውስጥ ምስጥ ጨርሶታል፤ ክረምቱን አትወጣውም» አለ።

«እኔ ሳልመጣ እንዳትነኳት!» ብዬ ጮኽሁበት።

ዝም አለ። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጦ በሦስት ዓመት አንዴ ብቅ የሚል ታላቅ ወንድም፣ ጣሪያው ባንጠባጠበ ቁጥር ማድጋ የምትደቅን እናቱን ጎጆ «አታፍርሱ» ሲል የሰማ ሰው ምን ዓይነት ዝምታ ዝም እንደሚል እናንተው ገምቱት። በመጨረሻ፣ «መቼ ትመጣለህ?» ብቻ አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ስልክ ከአራት ወር በፊት ቢደወል ኖሮ «ደግ አደረጋችሁ» ብዬ የድርሻዬን ገንዘብ እልክ ነበር። ያሳበደኝ ኬንተኪ ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሉዊቪል የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ አሜሪካ ሄጄ ነበር። እኅቴ እንግዳ ሲመጣባት ወዴት ይዛው እንደምትወጣ የሚጨንቃት ሴት ናት። የገበያ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ካዞረችኝ በኋላ፣ «አንተ መጽሐፍ ትወዳለህ፤ በቃ የሊንከንን ቤት ላሳይህ» አለችኝ።

ከሉዊቪል ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ ሆጀንቪል የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለደው ከዚያች ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ምንጭ አጠገብ በነበረ እርሻ ላይ ነው። ምንጩ ዛሬም አለ። ከምንጩ በላይ፣ ከኮረብታው አናት ላይ፣ እንደ ጥንት ግሪኮች ቤተ ጣዖት ዓምዶች የተደረደሩለት የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። ወደ እርሱ የሚያወጡት ደረጃዎች 56 ናቸው፤ ሊንከን የኖረው 56 ዓመት ነበርና። የማዕዘን ድንጋዩን እ.ኤ.አ. በ1909 ያኖሩት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሲሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መርቀው የከፈቱት ፕሬዚዳንት ታፍት ነበሩ። (ቴዎዶር ማለት የእኛው ቴዎድሮስ መሆኑን ደረጃውን ስወጣ አላሰብኩትም ነበር።)

ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ውስጥ ያለው ታዲያ ምን ይመስላችኋል? አንዲት የግንድ ጎጆ። ግንዶቹ ጫፍና ጫፋቸው እየተቆላለፈ የተደረደሩ፣ በመካከላቸው ጭቃ የተመረገባቸው፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ያላት፣ ሰው እንዳይነካት በዙሪያዋ የታጠረች ጎጆ። እብነ በረዱ ያንጸባርቃል፤ እርሷ ጨልማ ተቀምጣለች። ጭቃውን ባየሁ ጊዜ እናቴ በመስከረም፣ ዝናቡ ያራገፈውን ግድግዳ መልሳ ስትመርግ፣ ጣቶቿ ጭቃው ላይ የሚተዉት መስመር ታወሰኝ። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ ዐይኔ እንባ አቀረረ። አንድ አገር የድኻ ልጅ የተወለደበትን ጭቃ እንዲህ አድርጎ በእብነ በረድ ከልሎ ሊያኖር ይችላል! እኅቴ እያየችኝ ስለ ነበር የሳልኩ መሰልኩ።

አስጎብኚው፣ ትሑት ሽማግሌ፣ ጠጋ ብሎ ታሪኩን የነገረን ይኼኔ ነው። ጎጆዋ ሊንከን የተወለደባት አይደለችም። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ ነጋዴ እርሻውን ገዝቶ፣ የሊንከን ቤት ግንድ ነው የተባለውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ አሳየው። በዚያ ዙረት ግንዶቹ የጦር ባላጋራው የጄፈርሰን ዴቪስ መወለጃ ናት ከተባለች ከሌላ ጎጆ ግንዶች ጋር ተቀላቀሉ። በኋላ ድንጋዩ ሕንፃ ውስጥ ሲያስገቧት ስላልበቃት ከርዝመቷም ከስፋቷም ቆረጡላት። እ.ኤ.አ. በ2004 ባለሙያዎች የእንጨቱን የዕድሜ ቀለበቶች ሲቆጥሩ ደግሞ አሮጌው ግንድ በ1848 ዓመት ላይ ሆኖ ተገኘ። በ1848 ሊንከን የ39 ዓመት ጎልማሳ፣ ዋሽንግተን የተቀመጠ የኮንግረስ አባል ነበር።

እኔን የቆጨኝ እንባዬ ነው። ማን ይመልስልኛል?

ሊንከን ራሱ አስታውሰዋለሁ ያለው ቤት ከዚያ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኖብ ክሪክ በተባለ ጅረት ዳር የነበረው ነው፤ ከ1811 እስከ 1816 እዚያ አደገ። እዚያም የቆመችው ጎጆ የጎረቤት ናት። ቶማስ የተባለ ታናሽ ወንድሙ በጨቅላነቱ ሞቶ የተቀበረው በዚያ አካባቢ መሆኑን ስሰማ እኔና እኅቴ ተያየን፤ ሁለታችንም አንድ ነገር አስታውሰን ሁለታችንም አልተናገርነውም።

በሳምንቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢንዲያና ተሻገርን። ሊንከን ከ7 ዓመቱ እስከ 21 ዓመቱ የኖረው እዚያ ነው። እናቱ ናንሲ እ.ኤ.አ. በ1818 የሞተችው እዚያ ነው፤ የሬሳ ሣጥኗ የሚጋጠምበትን የእንጨት ችንካር የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በጩቤ እየቀረጸ አቀበለ ይባላል። ቤቱ በነበረበት ስፍራ ላይ ግን ኢንዲያናዎች በ1930ዎቹ ያደረጉት ነገር ከሆጀንቪሉ ይለያል። የመሠረቱን ግንዶችና የምድጃውን ድንጋይ በነሐስ ቀርጸው መሬት ላይ አኖሩት። ግድግዳ የለውም፤ ጣሪያ የለውም። በአማርኛችን ጉልቻውን ብቻ ትተውታል ማለት ነው። ቆሜ ብዙ አየሁት።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአራተኛ ክፍል መምህራችን ጣት ትዝ አለኝ። በመስኮቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቋራ እየጠቆሙ፣ «ካሣ የወጣው ከዚያ ነው» ይሉን ነበር። እኛ ደግሞ ዕረፍት ሲደወል ከሽመል ጦር ሠርተን እንወጣለን። ካሣ ያልሆነ ልጅ አልነበረም፤ ራስ ዓሊን የሚሆን እየጠፋ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ሳይጀመር ደወሉ ይደወል ነበር።

ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ቻርጌ በተባለ ስፍራ እንደ ተወለደ ይነገራል። ኬንተኪ ላይ ከተወለደው ልጅ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቢያንስ ነው። ያኛው እናቱን በቀበረበት ሰሞን ይኼኛው ተወለደ ማለት ነው። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ባላባት ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ከባሏ ቤት ከወጣች በኋላ ልጇን ይዛ ጎንደር ገባች፤ ኑሮ ከፍቶባት ኮሶ ሸጠች ተባለ። ኮሶ መሸጧ እውነት ይሁን ጠላት ያወራው፣ ቃሉ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል። ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብለው ፎክረው ሄደው እርሳቸው ተያዙ፤ ካሣም «እናቴ ገበያ ሳይቀናት የተረፋት ነው» እያለ ኮሶ አጠጣቸው እየተባለ ይተረካል። ይህን ታሪክ ልጅ ሳለሁ ስሰማ እስቅ ነበር። አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ያ ሰው በጦር ሜዳ መካከል የእናቱን ጎጆ ሽታ ተሸክሞ ይዞር እንደ ነበር።

በጎንደርና በጣና መካከል ወዳለ የተክለ ሃይማኖት ገዳም ለትምህርት ገባ። በዘመነ መሳፍንቱ ጦርነት የተሸነፈ ሠራዊት ገዳሙን ወርሮ፣ በወላጆቻቸው የመጣበትን ቂም በልጆቹ ላይ ተወጣ፤ ካሣ ከዚያ እልቂት ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ ሆነ። ቀጥሎ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ ክንፉ ሲሞቱ ያም ቤት ተበተነ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የቋራ በረሃ ነው። ስንት ቤት አለፈ? የአባት፣ የእናት፣ የገዳም፣ የዘመድ። አንዱም እስከ ጉርምስናው አልቆየለትም።

ደብተራ ዘነብ የንጉሡን ታሪክ በአማርኛ ጽፈው ትተዋል። ያ ጽሑፍ መጀመሪያ የታተመው የት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? አሜሪካ፣ ፕሪንስተን፤ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ኤኖ ሊትማን በተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አማካይነት። የካሣ ልጅነት በወረቀት የተሠራ ቤት ያገኘው ሊንከን አገር ነው። ኋላ የእኛዎቹም ደራስያን ቤት ሠርተውለታል። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» ብሎ፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ብሎ። ለዚያ ሁሉ ድምፅ፣ ለመድፍና ለዙፋን፣ አቤ የመረጠውን ርእስ ልብ በሉት፤ ከእናቱ ጎን ያለ ልጅ ነው የታየው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገና ሥራ እንደ ጀመርኩ የክረምት ዕረፍቴን ትቼ በበጋ ፈቃድ ወስጄ፣ ጥጥ ሊጭን በሚወርድ መኪና ገለጉ ድረስ ሄጃለሁ። ያኔ የአላጢሽ ብሔራዊ ፓርክ ገና አልተከለለም፤ መንገዱ አቧራ ነበር። የሽንፋን ወንዝ ስንሻገር ሾፌሩ ወርዶ ራሱን ነከረ፤ እኔም ተከተልኩት። ገለጉ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ዛፍ ጥላ ሥር አግኝቼ፣ «አባቴ፣ የካሣ ቤት የቱ ጋ ነበር?» አልኳቸው።

«የሣር ቤት ስንት ዓመት ይቆማል?» ሲሉ መልሰው ጠየቁኝ።

«ክዳኑ እየታደሰ፣ ደኅና ከሆነ…»

«በዚህ አገር ምስጥ?»

«ዐሥር ዓመት።»

«እንግዲህ የተማርክ ነህ፤ አስላዋ!» አሉና ከዘራቸውን ወደ ጫካው፣ ከዚያ ወደ ደጋው፣ ከዚያ መልሰው ወደ ራሳቸው ደጃፍ አዞሩት። እየቀለዱብኝ መስሎኝ ተቀየምኩ። አሁን ሳስበው ትክክለኛ መልስ ነበር የሰጡኝ፤ የገባኝ ግን ኋላ፣ እናቴ ቤት ነው።

እኛ ነገሥታቶቻችን የት እንደ ወደቁ እናውቃለን። ከገንዳ ውሃ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ወርዶ ያለችው የድንበር ከተማ ስሟ መተማ ዮሐንስ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው እዚያ ስለ ሞቱ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ገላባት ቆመው ሻይ የሚጠጡ ሹፌሮች እንኳ ስፍራውን በእጃቸው ያሳዩሃል። መቅደላንም እንደዚያው። ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1865 በእነርሱ ስቅለት ዓርብ ተተኮሰበት፤ ቴዎድሮስ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ መቅደላ ላይ ራሱን ሠዋ። ያቺን ሰኞ በሰዓት ከፋፍለን እንተርካለን። ልጁ የተኛበትን መደብ ግን አናውቀውም። ሐረር ላይ ለጎብኚ የሚታየው የራምቦ ቤትም ቢሆን ፈረንሳዊው ባለቅኔ ከሞተ በኋላ የተሠራ የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው፤ ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልጨምር። ቤት ያልቆመለት ያ ልጅ ሲነግሥ የሰው ቤት አቃጥሏል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፎ አነደዳት፤ እናቱ በችግሯ ቀን የተጠጋችባትን ከተማ። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደግሞ ደብረ ታቦርን ለእሳት ሰጥቶ መድፉን እየጎተተ ወደ መቅደላ ወጣ። እወደዋለሁ። ይህን ግን በፍቅር ልሸፍነው አልችልም፤ የቋራ ልጆች ስለ ሆንን ብቻ ጎንደሬዎችን «እርሱት» ማለት አይገባንም።

ወደ ወንድሜ ስልክ ልመለስ። የካቲት አጋማሽ ላይ ገንዳ ውሃ ደረስኩ። ሙቀቱ ሰውን ሳይሆን ድንጋይን የሚያልብ ነበር። ወንድሜ፣ ከአጨዳ በኋላ ወደ አገራቸው ያልተመለሱ ሁለት ሳሉጎች፣ ማለት ከደጋ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ጎልማሶች፣ ቀጥሮ እየጠበቀኝ ነው። እናቴ ከኩርኩራው ዛፍ ሥር ቁርበቷን አንጥፋ ተቀምጣለች። እግሯን ስሜ ሳልጨርስ ንግግሬን ጀመርኩ። ስለ ሆጀንቪል፣ ስለ 56ቱ ደረጃ፣ ስለ እብነ በረዱ። ግንዶቹ የሐሰት መሆናቸውን አልነገርኳትም፤ ኀፍረት አይደል?

ሰምታ ስታበቃ፣ «የሊንከን እናት እዚያው ጎጆ ውስጥ ናት?» አለችኝ።

«የለችም፤ ሞታለች፤ ድሮ።»

«ታዲያ ማን ይኖርበታል?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ሊፈርስ ነዋ!» አለች፤ ሳሉጎቹ ሣቁ።

በተሸነፍኩበት ላይ የመጨረሻ ልመናዬን አቀረብኩ፤ ጎጆዋ ትፍረስ፣ ምሰሶዋን ግን ስጡኝ። ምሰሶው ላይ የእኛ ልክ አለ። በየእንቁጣጣሹ እናታችን ጀርባችንን አስደግፋ፣ ራሳችን በደረሰበት ላይ በቢላ ትጭር ነበር። የእኔ በግራ ነው፤ ሉዊቪል ያለችው እኅቴ በቀኝ፤ በመካከላችን ደግሞ የታናሻችን። የእርሷ ጭረቶች አምስት ናቸው። ከስድስተኛው እንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በ1980 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ፣ ወባ ወሰዳት። ወንድሜ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው፤ አያውቃትም። ለእርሱ ምሰሶው ምሰሶ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ከዚያች ልጅ ፎቶግራፍ የለኝም፤ ያለኝ አምስት ጭረት ነው።

ክዳኑ ወረደ። ሰንበሌጡ ዐቧራ ሆኖ ግቢውን ሞላው፤ ማገሩ በእጅ ሲነካ ይሰበራል። ምሰሶው ብቻውን በሰማይ ሥር ቆሞ ቀረ። እኔ ነኝ ልንቀለው ያልኩት። አቅፌ ስጎትተው እንደ ባዶ ቀፎ ቀለለኝ፤ ከወገቡ ተሰበረና ውስጡ ያለው የምስጥ አፈር ደረቴ ላይ ፈሰሰ። የቀረው ጭረት የተጻፈበት ቅርፊት ነው፤ እርሱም እጄ ላይ ፈረሰ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ስብርባሪ ስለቅም ሳሉጎቹ ፊታቸውን አዞሩልኝ።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ምን ሆነሃል፤ እርሱ እኮ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ምሰሶው። የፊተኛውንማ በ1986 ምስጥ በላው። አንተ ዩኒቨርሲቲ ሳለህ። አባትህ ከጫካ አዲስ ቆርጦ አመጣ።»

«ጭረቱስ?»

«በገመድ ለክቼ ነዋ! እያንዳንዱን በቋጠሮ ይዤ፣ አሮጌው ሳይነድ አዲሱ ላይ መለስኩት። አባትህ ሲሥቅብኝ።»

ስንት ዓመት ሙሉ በመጣሁ ቁጥር ጣቴን አስሄድበት የነበረው ጭረት፣ ልጅቱ ጀርባዋን ያስደገፈችበት እንጨት ላይ አልነበረም ማለት ነው። እንባ ባፈሰስኩበት ሁሉ ሰው ይህን ይነግረኛል። ዘንድሮ ግን የሚያስቆጭ አልሆነብኝም። እናቴ ወደ ጎረቤት ቤት ገባች፤ ዕቃዋን ያኖረችው እዚያ ነበር። የጥጥ ገመድ ጥቅልል ይዛ ተመለሰች። ጥቁርና ጠንካራ ሆኗል። ሦስት ገመድ፣ ለሦስት ልጅ፤ አጭሩ አምስት ቋጠሮ አለው። ወንድሜ ተቀበላትና አየው። «ይቺ ናት?» አለ። እንዲያ ሲል የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

የቆርቆሮው ቤት በሁለት ሳምንት ቆመ። መቃኑ ሲገጠም እናቴ ገመዶቿን እየዘረጋች፣ ወንድሜ በቢላ እየጫረ፣ ልካችንን ሁሉ መለሱት። የእርሱ ጭረት ተራ ስለ ነበረው በደስታ ቅጥ አጥቶ አንዱን ሁለት ጊዜ ጫረው። ከዚያ እናቴ ወደ ፈረሰው ጎጆ ሄዳ ሦስቱን የምድጃ ጉልቻ አንድ በአንድ ተሸክማ ወደ አዲሱ ማዕድ ቤት አገባች። ወንድሜ፣ «ኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቼልሽ የለ?» ቢላት፣ «ይኑር፤ እርሱም ይኑር» አለችው። ጉልቻውን ምስጥ አይበላውም። ስለ ኢንዲያናው ነሐስ ልነግራት ፈለግሁና ተውኩት፤ ደግሞ «ማን ይኖርበታል?» ብትለኝስ?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደውን የዐፄ ቴዎድሮስ ጉንጉን ፀጉር መለሰ። የንጉሡ አፅም ከመቅደላ ፈልሶ ያረፈው በእኛው ቆላ፣ በማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንደ ሆነ ይነገራል። መምህራችን በመስኮት እየጠቆሙ «ካሣ ከዚያ ወጣ» ሲሉን፣ ወደዚያው ተመልሶ መግባቱን አልነገሩንም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ሰው በመተማ በኩል ጎረፈ። እናቴ አንዲት የኦምዱርማን ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ለሦስት ወር አስጠግታ ነበር። ኦምዱርማን፣ የዐፄ ዮሐንስ ራስ የተወሰደባት ከተማ፣ ያንን ጦር የላከው የኸሊፋ ዐብዱላሂ ቤት ሙዚየም የሆነባት። ሴትዮዋ የቤቷን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ትውል ነበር አለችኝ እናቴ በስልክ። ቤቱ ይኑር አይኑር አታውቅም። ከመሄዷ በፊት የልጆቿን ልክ መቃኑ ላይ ጭረንላታል፤ በገመድም ሰጥተናታል።

እኔ እንደ ልቤ አልሄድኩም። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ እንዳንዴ ይከፈታል፣ እንዳንዴ ይዘጋል። እናቴ ሴት ልጄን ያየቻት አንድ ጊዜ፣ ገና በደረቷ ስትሳብ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለች።

«ቁመቷ የት ደረሰ?»

«ወገቤን አልፋለች።»

«ወገብህን እኔ በምን አውቀዋለሁ? በገመድ ለክተህ ላክልኝ።»

ልጄን ግድግዳ አስደግፌ ለካኋት። ገመዱን ቆርጬ፣ ጫፉን ቋጥሬ፣ በፖስታ ጠቅልዬዋለሁ። አሁን የምፈልገው ወደዚያ የሚሄድ ሰው ነው።